ጥቆማ፦ ክረምቱን ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይስ አይልትስ? ኤጀንሲስ?

የዲላ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የፐብሊክ ሄልዝ ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት እመረቃለሁ። ማስተርስ ውጭ በስኮላርሺፕ መማር ነው የማስበው። ክረምቱን አዲስ አበባ አክስቴ ጋር ስለምቆይ ሁለት ወር ያህል ጊዜ አለኝ። ስድስት ኪሎ ጎተ ሄጄ ጀርመንኛ ልጀምር? ፒያሳ አሊያንስ ፈረንሳይኛ? ወይስ ብሩን ለአይልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) ላውለው? የተማራችሁበትን ንገሩኝ። ከፋዩዋ አክስቴ ስለሆነች ሁለቴ መሳሳት አልችልም።

ቀበና፦
ነጥብ። እኔም እከታተላለሁ።

የፒያሳው፦
አሊያንስ። አለቀ ደቀቀ። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ቀልድ አይደለም። እኔ ሦስት ዓመት ተምሬበታለሁ። እስካሁን ስልኬ የሚሰራው በፈረንሳይኛ ነው።

የዲላ ልጅ፦
ፈረንሳይኛ ይዤ የማመለክትበት ስኮላርሺፕ የትኛው ነው?

የፒያሳው፦
ስኮላርሺፑን አላውቅም። እኔ የማውቀው አሊያንስን ነው።

ኤጀንሲ ያቃጠለው፦
ወንድሜ የፈለግከውን ተማር፣ ኤጀንሲ ቤት ብቻ እንዳትገባ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ቦሌ አካባቢ አንድ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ግድግዳው በሙሉ ፓስፖርታቸውን ከፍ አድርገው የሚስቁ ልጆች ፎቶ ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ዋስትና አለው» አሉኝ። 60 ሺህ ብር በሁለት ዙር ከፈልኩ። ከሦስት ወር በኋላ ወረቀት መጣ። «ስኮላርሺፕ» ያሉት ከትምህርት ክፍያው ላይ ትንሽ ቅናሽ ኖሯል። ቀሪውን እኔው እከፍላለሁ፣ በዶላር! ያመለከቱበትን ሞቲቬሽን ሌተር አሳዩኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። የመጀመሪያው መስመር «ከልጅነቴ ጀምሮ ነርስ መሆን እመኝ ነበር» ይላል። እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ።

ሰሚት፦
😂😂 ስሙን ተናገር በናትህ

አያት ኮንዶሚኒየም፦
ኢንቦክስ አድርግልኝ። እህቴ አንድ ቦታ ልትከፍል ነው፣ እሱ እንዳይሆን።

ሽሙጥ በነጻ፦
ምን አጠፉ? አንተ ነህ ህልምህን የካድከው። ደግሞ ያ ሁሉ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው ለምንድነው እሱ ራሱ ቦሌ ቁጭ ብሎ የቢሮ ኪራይ የሚከፍለው?

እውነት ለመናገር፦
ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡ። የአጎቴ ልጅ በኤጀንሲ ነው ቻይና የሄደው። እንደ ቤተሰብ ነው የሚያስተናግዱት። እኔ ሌላ ቦታ አልልክም።

ሽሙጥ በነጻ፦
ስንት ከፈለ?

እውነት ለመናገር፦
እሱን አጎቴ ነው የሚያውቀው።

ኤጀንሲ ያቃጠለው፦
ሃያ ሰው ኢንቦክስ ገብቷል፣ ቀስ በሉ። ሥራ ላይ ነኝ።

የዲላ ልጅ፦
ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። ለኤጀንሲ የሚሆን ብርም የለኝም። የቋንቋውን ነገር የሚያውቅ አለ?

ቱቱ፦
12ኛ ክፍል ለጨረሰስ ምን አለ?

ገርጂ ማዞሪያ፦
ዱባይ ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።

ከአንካራ፦
እህቴ፣ እኔ በቱርኪዬ ቡርስላሪ፣ በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው የመጣሁት። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ነው። በነጻ ነው፣ ራስሽ ኦንላይን ትሞይዋለሽ። ለማስተርስ ዕድሜሽ ከ30 በታች መሆን አለበት። ሲያልፍልሽ የአውሮፕላን ትኬት፣ ዶርም፣ ወርሃዊ ብርና ኢንሹራንስ አለው። ቋንቋውን ደግሞ እዚህ ያስተምሩሻል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ቱርክኛ ብቻ ነው የተማርኩት። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሲያየኝ ቀስ ብሎ ነበር የሚያወራኝ፣ እንደ ሕፃን። አሁን በዋጋ እንከራከራለን። እና አክስትሽ ለምን ለቋንቋ ትክፈል?

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፦
ሃንጋሪም እንደዚያው ነው። ስኮላርሺፑ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ይዘጋል። የትምህርት ክፍያ የለም፣ የዶርም ቦታ ይሰጣሉ። ወርሃዊው ግን 43,700 ፎሪንት ነው። ጓደኛዬ ቡዳፔስት አለ፤ «በወሩ መጨረሻ ፓስታ ነኝ» ይላል።

የፒያሳው፦
ቱርክኛ፣ ሃንጋሪኛ... ፈረንሳይኛ ግን ስንት አገር ይነገራል?

ከኮሎኝ፦
ጥያቄዋን አንብቡ እንጂ። እህት፣ እኔ ጀርመን ነው ያለሁት፣ ጎተም ተምሬያለሁ። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ሁለት ወር ቢበዛ ኤ1 (የመጀመሪያው የቋንቋ ደረጃ) አካባቢ ነው የሚያደርስሽ። በኤ1 ዳቦ ትገዢያለሽ፣ ዩኒቨርሲቲ አትገቢም። በጀርመንኛ ለሚሰጥ ማስተርስ ቢያንስ ቢ2፣ ብዙ ቦታ ሲ1 ነው የሚጠየቀው። በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው ደግሞ አብዛኞቹ ጀርመንኛ አይጠይቁም። ስለዚህ አይልትስ ያዢ። ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ዘንድሮ ክረምት ብትፈተኚ ለመጪው ዙር ይደርስልሻል። ኮርስ ከመክፈልሽ በፊት ብሪቲሽ ካውንስል ድረ ገጽ ላይ ያለውን ነጻ መለማመጃ ጨርሺ። እንደ እኔ ራይቲንጉ ላይ ብቻ ነው ሰው የሚያስፈልግሽ።

ዳአድን፣ የጀርመኑን ስኮላርሺፕ ሰጪ፣ ብዙ ሰው ይመክርሻል። ኤፖስ የሚባለው ፕሮግራሙ ምርጥ ነው፣ ግን ከምርቃት በኋላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። የእንግሊዙ ስኮላርሺፕ ቼቨኒንግም እንደዚያ ነው፣ 2,800 ሰዓት ሥራ። ሁለቱን ለኋላ አስቀምጫቸው። ለአንቺ አሁን የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ያመለክታል። ብዙዎቹ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ክፍት ናቸው። ወርሃዊው 1,400 ዩሮ ነው። ሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት አገር ትማሪያለሽ።

በራስ ወጪ ወደ ጀርመን እንዳታስቢ። ለቪዛ ብሎክድ አካውንት (በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብቻ የሚወጣበት ዝግ ሂሳብ) ውስጥ 11,904 ዩሮ ለአንድ ዓመት አሳዪ ነው የሚሉሽ። ወደ ብር ቀይሪውና ለአክስትሽ ንገሪያት።

ሽሙጥ በነጻ፦
አክስቷን አትግደሏት።

መምህር ነኝ፦
እኔ ደግሞ ልጆቻችን የሚወድቁበትን ልንገርሽ። አብዛኛው የሚወድቀው በቋንቋ አይደለም፣ በወረቀት ነው። ሪከመንደሽን ሌተር ልትጠይቂ ስትመጪ «አንቺው ጻፊና አምጪ፣ እፈርማለሁ» የምንልሽ ጠልተንሽ አይደለም። 90 ተማሪ ያለበት ክፍል ነበር፣ መምህሩ ስምሽን ሊረሳው ይችላል። የተማርሽውን ኮርስ፣ ውጤትሽን፣ የሠራሽውን ፕሮጀክት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ስጪው። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመሽ። የዩኒቨርሲቲ ኢሜል እንዳለውም ጠይቂ። አንዳንድ ፕሮግራም ሊንኩን የሚልከው ለዩኒቨርሲቲ ኢሜል ብቻ ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ የያሁ አድራሻውን ይሰጥሻል። ሊንኩ ሳይከፈት ቀኑ ያልፋል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ልጅ በእኔው ጥፋት እንዲህ አመለጠው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ፓስፖርትሽ ላይና ትራንስክሪፕትሽ ላይ የስምሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ እዪ። አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ ሬጅስትራር ከመጨናነቁ በፊት አስተካክዪ። ቴሲስ ሰሞን የሚሰማሽ የለም።

የዲላ ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት፣ የአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ይለያል 😭 ሌላ ልጠይቅዎት፤ ከተመረቅኩ በኋላ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይበቃል ወይስ ኦርጅናል ዲግሪ ያስፈልጋል?

መምህር ነኝ፦
ለማመልከት ብዙ ቦታ ቴምፖና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይቀበላሉ። ኦርጅናሉን ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳሽን) ከፍለሽ ሳትጨርሺ አይሰጡሽም። ስሙን ግን ነገ ሂጂ።

ቀበና፦
የማመልከቻ ክፍያስ? ዩሮ የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል?

ከኮሎኝ፦
ኢራስመስ ሙንዱስ ለማመልከት አያስከፍልም። ዩኒ-አሲስት፣ ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት፣ ግን ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ ነው። ለታናሽ እህቴ እኔ ከፍዬላታለሁ። ዘመድ የሌለው ዩኒ-አሲስት የማይጠይቁትን ይምረጥ።

ገርጂ ማዞሪያ፦
ታዲያ ዱባይስ?

ኤጀንሲ ያቃጠለው፦
ለሁላችሁም ልኬያለሁ። ደግሞ አንዷ ልጅ እዚያው ቤት ከፍላ ኖሯል። የእሷ ሌተር ላይ ሲቪል ኢንጂነር መሆን ነው የምትመኘው ይላል። የኔን ነው የሰጧት!

ሽሙጥ በነጻ፦
እሷ ነርስ ናት?

ኤጀንሲ ያቃጠለው፦
አካውንታንት።

አያት ኮንዶሚኒየም፦
መስከረም ጠባ። የዲላ ልጅ፣ ምን ወሰንሽ? ስሙስ ተስተካከለ?

ቀበና፦
ዝም አለች።

የፒያሳው፦
አሊያንስ ገብታ ነዋ። ክፍል ውስጥ ስልክ አይፈቀድም።