ህንድ ውስጥ ባንክ አጭበርብሮ ገንዘቡን የመለሰ ሰው ክሱ ይዘጋለታል እንዴ?

የቪዛግ ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ፣ ህንድ ቪዛግ ህግ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምስለ ችሎት አለን እና የደረሰኝ የተከሳሹ ወገን ነው። ጉዳዩ፣ አንድ ነጋዴ ፎርጅድ የይዞታ ሰነድ አስይዞ ተበደረ፣ ሳይከፍል ቀረ፣ ባንኩ ለሲቢአይ (የህንድ ማዕከላዊ የምርመራ ቢሮ) አመለከተ፣ ክስ ከተመሰረተ በኋላ ግን ከባንኩ ጋር ተደራድሮ የተስማሙበትን በአንዴ ከፍሎ እዳ የለበትም የሚል ወረቀት ተቀበለ። አሁን ሀይኮርቱ ክሱን ይዝጋልኝ ይላል። ግራ የገባኝ በ1973ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ቁጥር 320 በእርቅ የሚያልቁት ወንጀሎች ተዘርዝረዋል፣ ማታለል (የወንጀል ህጉ 420) በፍርድ ቤት ፈቃድ ይታረቃል፣ በፎርጅድ ማጭበርበር (468) ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ታዲያ ህጉ አይታረቅም ያለውን ዳኛ በየት በኩል ይዘጋዋል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው)

ጠበቃው፦
እህቴ መታረቅና ክስ መዝጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 320 ለተበዳዩ የተሰጠ መብት ነው። የዛው ሥነ ሥርዓት 482 ደግሞ ሀይኮርቱ በራሱ ያለው ሥልጣን ነው፣ የፍርድ ሂደት ያላግባብ መጠቀሚያ እንዳይሆንና ፍትህ እንዳይጓደል ተብሎ የተጠበቀለት። በ2003 ቢ ኤስ ጆሺ በሚባለው መዝገብ ላይ በባልና ሚስት ጉዳይ ተሰራበት፣ በ2008 ኒኪል መርቻንት ላይ ወደ ባንክ ብድር ተሻገረ፣ ከአንድራ ባንክ ጋር የነበረው ክርክር በስምምነት አልቆ ሱፕሪም ኮርቱ ወንጀሉንም ዘጋው። በ2010 ሁለት ዳኞች እነዚህ ውሳኔዎች ልክ ናቸው ወይ ብለው ጥያቄ አነሱና በ2012 ጊያን ሲንግ ላይ ሦስት ዳኞች ልክ ናቸው አሉ፣ ጉዳዩ በዋናነት የፍትሐብሔር ጠባይ ካለው፣ ማለትም ንግድ፣ ገንዘብ፣ ቤተሰብ ነክ ከሆነ ይዘጋል፣ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዘረፋና የመንግስት ሠራተኛ ሙስና ግን በእርቅ አይዘጋም።

የብድር ክፍል ሰው፦
እኔ ህጉን አላውቅም ግን ባንክ ብድር ላይ ዓመታት ሰርቻለሁና ይሄ "ገንዘቡ ተመለሰ" የሚባለው ነገር ያመኛል። በአንዴ ክፍያ ማለትኮ ብዙ ጊዜ ባንኩ ወለዱን፣ አንዳንዴ ከዋናውም ላይ ቀንሶለት ነው የሚጨርሰው፣ ከነጭራሹ ከሚቀርብኝ ብሎ። የቀነሰው የማን ነው? የአስቀማጩ ነው። ወረቀቱም የሚለው እዳ የለበትም ነው፣ ሰነድ አልፎረጀም አይልም። እኔ የሰራሁበት ቦታ በሐሰት ግምት የወጣ ብድር ስናገኝ ማታ ማታ ፋይል የምናገላብጠው እኛ ነበርን፣ ተበዳሪው ከፍሎ ከወጣ ቀጣዩ ምን ይፈራል?

ጠበቃው፦
ያልከው በትክክል ሌላኛው የፍርድ መስመር ነው። በ2014 ቪክራም ዶሺ ላይ ጉዳዩ የውሸት ኤልሲ (ባንክ ለሻጭ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ነበር፣ በ2015ም ማኒንደር ሲንግ ላይ ባንኩ ቢከፈለውም ሱፕሪም ኮርቱ አይዘጋም አለ፣ የተጎዳው ባንኩ ብቻ ሳይሆን ህዝቡ ነው በሚል። በ2017 ፓርባትባይም የኢኮኖሚ ማጭበርበር ከተራ የግል ፀብ አይቆጠርም ተባለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሚዛኑ ወደዚህ ቢያደላ እመርጣለሁ።

የቪዛግ ተማሪ፦
እሺ ግን የቅርቦቹስ? ፕሮፌሰራችን የ2024ን አምጡ ነው የሚለው

ጠበቃው፦
እነሱማ ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው። ኦክቶበር ላይ በባርቲ ዴቪ ጉዳይ (ቴላንጋና) ከባንኩ ጋር በአንዴ ክፍያ ስላለቀ ተዘጋ። ዲሴምበር ላይ በአኒል ጄይን ጉዳይ (ማሃራሽትራ) ደግሞ ከባንኩ ጋር ተስማምተው እያለ አልተዘጋም፣ ምክንያቱም የሙስና ህጉ ክስም ነበረበት፣ የህዝብ ገንዘብም ተነክቷል። ስለዚ መክፈሉ ብቻውን አይበቃሽም፣ ክሱ ውስጥ ምን አንቀጽ አለ የሚለውን እዪ። ደግሞ ከጁላይ 1 2024 ጀምሮ የሥነ ሥርዓት ህጉ ተቀይሯል፣ 482 አሁን 528 ነው፣ 320 ደግሞ 359 ሆኗል፣ በአሮጌው ቁጥር ብቻ እንዳትሄጂ።

ከአዲስ፦
በነገራችን ላይ እኛ ጋ ክስ የሚያነሳው ዓቃቤ ህግ ነው፣ የ1954ቱ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሥነ ሥርዓት 122 ላይ እዩት። ተበዳይ ታርቄያለሁ ቢልም ወንጀሉ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ካልሆነ ክሱ በራሱ አይቆምም፣ ስለዚ የህንዱን አምጥታችሁ እዚህ ችሎት ፊት እንዳታቀርቡት።

የቪዛግ ተማሪ፦
ወይኔ፣ ክሱን አሁን ደግሜ ሳነበው የቅርንጫፉ ማናጀር አራተኛ ተከሳሽ ሆኖ ተካቷል፣ የሙስና ህጉም አለበት 😩 አለቀልኝ?

ጠበቃው፦
ገና አላለቀም። የሙስናው አንቀጽ በማናጀሩ ላይ ብቻ ነው ወይስ በነጋዴውም ላይ ተጠቅሷል? ኒኪል መርቻንት ላይም የባንኩ ሰዎች በሙስና ተከሰው ነበር፣ የተዘጋው ግን የተበዳሪው ክስ ነው። በነጋዴው ላይ ከሌለ በዛ ተሟገቺ፣ ካለ ግን ዳኛው የሚያነሳብሽ አኒል ጄይንን ነውና መልስ ይዘሽ ግቢ።