የኤድዋርድስ አየር ምድብ ታሪክ፦ ለዐውደ ርእዩ የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

ሰብሳቢ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የጋራ ሐሳባችንን በዚህ ሳምንት ማስገባት አለብን። የመጀመሪያው ረቂቅ የሚጀምረው ኦክቶበር 14 ቀን 1947 የሙከራ አብራሪው ቸክ ዬገር ከድምፅ ፍጥነት በላይ ከበረረበት ዕለት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ግን ከመሬቱ እንጀምር እላለሁ። የአሜሪካ አየር ኃይል አዳዲስ አውሮፕላን የሚሞክርበት ይህ ምድብ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ነው። ሮጀርስ የሚባለው ደረቅ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 110 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በብርዱ ወራት ዝናብ ሲጥል ውሃው ስስ ሆኖ ይተኛበታል። ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ጭቃው ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ ፀሐይ ታጠነክረዋለች። ማንም ሳይጠግነው ይታደሳል ማለት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1933 ለቦምብ መለማመጃ የመረጠው ይህንን ሰፊና ሰው የማይበዛበት ስፍራ ነው።

የቴክኒክ ክፍል አባል፦
በሚገባ እደግፋለሁ። ሜዳው ባይኖር ሌላው ታሪክ ከየት ይመጣ ነበር? የዬገር የሮኬት አውሮፕላን፣ ኤክስ-1፣ ቢ-29 ከተባለው ቦምብ ጣይ ሆድ ሥር ተለቆ ነው የበረረው። ነዳጁ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ መውረድ ነው። ካልተሳካ ደግሞ መሞከር የለም። ኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩርም ኤፕሪል 14 ቀን 1981 ከመጀመሪያ ጉዞዋ ተመልሳ ያረፈችው እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ በራሪ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል።
በረሃው ለምሥጢርም አመቺ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ጄት አውሮፕላን፣ ኤክስፒ-59ኤ፣ በ1942 ሲመጣ ጄት መሆኑ እንዳይታወቅ መሬት ላይ ሳለ አፍንጫው ላይ የውሸት ፕሮፔለር ይገጠምለት ነበር። ይቺ በሥዕል ትግባልን።

የወጣቶች ክፍል አባል፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ዬገርን ግን በጣም ወደ ኋላ አንግፋው፤ ሰው የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ከፈረስ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። የአውሮፕላኑን በር በቀኝ እጁ መዝጋት ስላቃተው፣ ኢንጂነሩ ጃክ ሪድሊ ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጦ ሰጠው። በእሱ እየገፋ ቆለፈው። እንዲህ ያለ ቁራጭ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጥ ሕፃናት ሳይቀሩ ይከቡታል።

የጽሑፍ ክፍል አባል፦
ወንድሜ፣ እንጨቱ ይግባ። እኔ የምለምነው ለሞቱት ቦታ እንዲሰጥ ነው። ጁን 5 ቀን 1948 ዋይቢ-49 የተባለው ጭራ የሌለው ቦምብ ጣይ ተከስክሶ አምስቱም ሰዎች አለቁ። ቀድሞ ሙሮክ ይባል የነበረው ይህ ምድባችን በረዳት አብራሪው በግሌን ኤድዋርድስ ስም ተጠራ። የአውሮፕላኑ አዛዥ የዳንኤል ፎርብስ ስም ካንሳስ ላለ ሌላ ምድብ ተሰጠ። የሦስቱን ግን ስንት ሰው ያውቃል? የአምስቱም ስም እኩል መጠን ባለው ፊደል ይጻፍ። በዚህ ላይ አልደራደርም።
መሬታቸውን የተነጠቁትም አይረሱ። አብራሪዎቹ ሲያመሹበት የነበረው የፓንቾ ባርንስ ርስት ለምድቡ ማስፋፊያ ተወስዷል። ሴትዮዋ መንግሥትን ከስሳ ካሳ አስፈርዳለች።

ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ ተቀብያለሁ። እንግዲህ ሐይቁ መግቢያው ላይ ይሁን፤ ዬገርና እንጨቱ ቀጥለው ይግቡ። የአምስቱ ስም ለብቻው ግድግዳ ይኑረው። የሮኬት አውሮፕላኑ ኤክስ-15 በ1967 በሰዓት 7,274 ኪሎ ሜትር የበረረበትን በአንድ ሰንጠረዥ እንለፈው። የቴክኒክ ክፍል የሐይቁን ካርታ ይሳል፣ ጽሑፍ ክፍል የስሞቹን አጻጻፍ ያረጋግጥ። ቅር የሚለው ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።