በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችን ክትባት ለማጥናት ከሕክምናው መውጣት ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ ኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን አሁን ኮምቦልቻ በጠቅላላ ሐኪምነት እሠራለሁ። በሚሌና በሎጊያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ትኩሳት ይዟቸው ወደ እኛ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ወባ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን አይደሉም። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ረዳት ከዓይኑ ኋላ የሚወጋ ራስ ምታትና አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት ይዞት መጣ፤ የደም ፊልሙ ሁለት ጊዜ ቢታይም ወባ አልተገኘበትም። መንገድ ላይ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀው ተሽሎታል ብዬ ልሸኘው ስል ድዱ መድማት ጀመረ። በፈሳሽና በቅርብ ክትትል ዳነልኝ፤ ይሁንና ደንጌ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት) መሆኑን የሚለይ ምርመራ በእጄ ስላልነበረ እስከ ዛሬ ድረስ ምን እንደ ነበረ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችን ክትባት ማጥናት እፈልጋለሁ። አባቴ «መጀመሪያ ስፔሻሊስት ሁኚ» ይሉኛል። ክትባት የሚያጠና ሰው ሐኪም ሆኖ መቀጠሉ በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ አንዱን መተው ይሻላል?

መልስ፦ የሕክምናና የዶክትሬት ሠልጣኝ

ዶክተር፣ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ አሁን ውጭ አገር ሕክምናንና የዶክትሬት ምርምርን አጣምሮ በሚያሠለጥን ፕሮግራም ውስጥ በደንጌ ክትባት ላይ እሠራለሁ። ከታካሚው አልጋ እንዳይርቁ እመክርዎታለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገርዎት።

የቢጫ ወባ ክትባት ቀና መንገድ ነበረው። ማክስ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1937 ይፋ ያደረገው 17ዲ የተባለው የተዳከመ ቫይረስ ዛሬም ይሠራል፤ ወደ ውጭ ስንሄድ የምንጠየቀው ቢጫ ካርድ የእሱ ማስረጃ ሲሆን አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይበቃል። ደንጌ ግን አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የተያዘ ሰው ከዚያው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ይጠበቃል፤ በኋላ ሌላው ዓይነት ሲይዘው ግን የቀደመው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ቫይረሱን ሳያመክነው ተጣብቆበት ወደ ሴል እንዲገባ ሊያግዘውና ሕመሙን ሊያከብደው ይችላል። ዴንግቫክሲያ የተባለው የመጀመሪያው ክትባት የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ800,000 በላይ ለሆኑ ልጆች ሰጥታው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 አምራቹ ራሱ ባወጣው ትንተና ከዚያ በፊት ደንጌ ይዟቸው ለማያውቁ ልጆች ክትባቱ በኋላ ለከባድ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸውን እንደሚጨምር ተገለጠ። ክትባቱ ለእነሱ እንደ መጀመሪያ ሕመም ተቆጥሮ ነበር።

እኔ በየሳምንቱ የምሠራው ሥራ ይህን ይመስላል፦ ሴረሙን (ከደም የሚለየውን ፀረ እንግዳ አካል ያለበትን ፈሳሽ) ደረጃ በደረጃ አቅጥኜ ከሕያው ቫይረስ ጋር እቀላቅለውና በሴሎች ላይ አፈሰዋለሁ። ከቀናት በኋላ ሳህኑ ወይን ጠጅ ቀለም ሲቀባ ቫይረሱ ሴሎችን የገደለበት ቦታ ቀለም ሳይዝ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ እነዚያን ክቦች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ክቦቹ ካነሱ ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን አምክኗል ማለት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ በታተመው የዴንግቫክሲያ የታይላንድ ሙከራ ልጆቹ ሁለተኛውን የደንጌ ዓይነት የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል እያላቸው ክትባቱ ከዚሁ ዓይነት ሳያድናቸው ቀረ። ሳህኑ ያላሳየውን ያሳዩት የታመሙት ልጆች ናቸው። እርስዎ ትኩሳቱ ሲለቀው ድዱ የደማውን ልጅ ስላዩ፣ «ይህ ልጅ ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ ይገባዎታል፤ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ላቦራቶሪ ይግቡ።

ጊዜውን በተመለከተ መንገዱ ረጅም መሆኑን አልሸሽግም፤ አብረውኝ የጀመሩ ጓደኞቼ ዛሬ ስፔሻሊስቶች ናቸው። ያም ሆኖ የአባትዎ ምክር ከፍላጎትዎ ጋር አይጣላም፤ የውስጥ ደዌን ጨርሰው ወደ ዶክትሬት የሚሻገሩ ብዙዎች ናቸው። አገር ውስጥም አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ

ልጄ፣ ወንድምሽ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ዛሬውኑ ልትጀምሪ ስለምትችይው ነገር ልናገር። ደንጌ የሩቅ አገር በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን ያዘ፤ በ2023 ደግሞ እዚሁ በታችኛው መንገድ ሎጊያና ሚሌ ገባ። ደሴ ከፍታዋ ይጠብቃታል እንበል፤ ኮምቦልቻ ግን ዝቅ ያለች ከተማ ናት፣ በየግቢው የውሃ በርሜል፣ በየጎሚስታው ደጅ ውሃ ያቆረ አሮጌ ጎማ አለ። ደንጌን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ንጹሕ ውሃ ነው፤ የምትናከሰውም በቀን ነው።

እንግዲህ ወባ ላልተገኘበት ትኩሳተኛ ሁሉ ሦስት ነገር በካርዱ ላይ ጻፊ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ በቅርቡ የት ቆይቶ እንደ መጣ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወስዶ እንደሆነ። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይንቀዋል። የደንጌና የቢጫ ወባ ቫይረሶች ዘመዳሞች ስለሆኑ የተከተበ ሰው ደም በተለመደው የአንቲቦዲ ምርመራ ደንጌ መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን ሳይጠይቁ የተሰበሰበ ናሙና በኋላ ተመራማሪውን ያሳስታል። ናሙና ለማስቀመጥ ካሰብሽ ግን ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ከታካሚው ስምምነት በፊት አንድም ጠብታ እንዳታስቀምጪ። ደንጌ በጠረጠርሽ ጊዜም ከፓራሲታሞል ሌላ የሕመም ማስታገሻ አትስጪ፤ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን መድማቱን ያባብሳሉ።

ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የረዳቱን ካርድ ዛሬ አስወጥቼ አየሁት፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጽፌዋለሁ፣ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ግን አልጠየቅሁትም። ስልኩ ስላለኝ ነገ እደውልለታለሁ። ለአባቴም የውስጥ ደዌን እንደማመለክት፣ ለመመረቂያ ጥናቴም ወባ ያልተገኘባቸውን ትኩሳተኞች እንደምይዝ ማታ እነግራቸዋለሁ።