አባቴ ጉልበታቸው ተቀይሮ ፊዚዮቴራፒው በቪዲዮ ይቀጥል ተባልን፤ ይሠራል?

የመጨረሻዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በቅርቡ ቀኝ ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ተቀየረ። እስካሁን ለፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም ለእንቅስቃሴ ሕክምናው፣ ክሊኒክ እያመላለስኳቸው ነው። መንገዱ ግን ከሕክምናው በላይ ያደክማቸዋል። መኪና ውስጥ ሲቀመጡ እግራቸው ያብጣል፤ እዚያ ስንደርስ ለመሥራት አቅም የላቸውም። ባለሙያዋ አይታ "የተወሰነውን በቪዲዮ እንሥራ" አለችን። አባቴ ሳቁ። "ሳትነካኝ ምኑን ታክመኛለች? ቴሌቪዥን መሆኗ ነው?" አሉ። እውነት ለመናገር እኔም አላመንኩም። ጉልበቱ የታጠፈው እሷ በእጇ ስለተጫነችው ይመስለኛል። አሁን ከ90 ዲግሪ ትንሽ አልፏል፤ ሙሉ ለሙሉ ግን አይዘረጋም። ጆሯቸውም ደከም ብሏል። የሞከራችሁ ካላችሁ "አሪፍ ነው" ብቻ አትበሉኝ። ምኑ ይሠራል? ምኑ አይሠራም?

ፊዚዮ ነኝ፦
እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ ልክ ነው። በስክሪን የማይሆን ነገር አለ። ሙቀቱን፣ እብጠቱን፣ ጠባሳው መላላቱን መዳሰስ አልችልም። መገጣጠሚያው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ወይም ሲዘረጋ እንዴት እንደሚይዝም በእጅ ነው የሚታወቀው።

ግን ዋናው ሥራ እሳቸው ራሳቸው በየቀኑ ደጋግመው የሚሠሩት ነው። የእኛ እጅ ያግዛል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት ጉልበታቸው የተቀየረ 205 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ለገሚሱ ባለሙያ ቤት ድረስ ይሄድ ነበር፤ ገሚሱ በቪዲዮ ሠራ። የቪዲዮዎቹ ውጤት ከሌሎቹ አላነሰም።

በቪዲዮ ብዙ ይታያል። ከወንበር ሲነሱ ወደ ደህናው እግር ያጋድላሉ? ሲራመዱ ተረከዛቸው ቀድሞ ይረግጣል? በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስተው ይቀመጣሉ? እንዲያውም የሚተኙበትን አልጋና የሚወጡትን ደረጃ ክሊኒክ ውስጥ ሆኜ አላየውም።

የመዘርጋቱን ነገር ቸል አትበዪው። ሲተኙ የተጠቀለለ ፎጣ ተረከዛቸው ሥር ይሁን፤ ጉልበታቸው ሥር ምንም አይግባ። ቤተሰብ እንዲመቻቸው ብሎ ከጉልበት ሥር ትራስ ያስገባል። እግሩ እጥፍ ብሎ እንዲለምድ የሚያደርገው እሱ ነው።

ባታቸው ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመማቸው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን የቪዲዮ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ቁስሉ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪሙ ደውዪ።

ትከሻዬ፦
እኔ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ትከሻዬ ደርቆ በቪዲዮ ታክሜያለሁ። የመጀመሪያው ባለሙያ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው "አስር ጊዜ ሥራ፣ ቀጣይ" ነበር የሚለኝ። ስልኩ የሚያሳየው ፊቴን ብቻ ነበር፤ እሱም ግድ አልሰጠውም። ሁለተኛዋ ገና ሳንጀምር "ካሜራውን ወገብህ ልክ አድርገህ ራቅ አርገው፤ መስኮቱ ከፊትህ ይሁን፤ አሁን ጎንህን አሳየኝ" አለችኝ። ክንዴን ሳነሳ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ እንደምስበው ያኔ ታየ። ስለዚህ ነገሩ ቪዲዮ መሆን አለመሆኑ ሳይሆን ባለሙያው ማየት መፈለጉ ነው። የእናንተዋ እግራቸውን ከጎን ሳታይ "ጎበዝ" ካለች ተጠራጠሪ።

የመጨረሻዋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትራሱን የምታስገባው አክስቴ ናት። እኔ ብነግራት "አንቺ ሐኪም ነሽ?" ነው የምትለኝ፤ ባለሙያዋ በስክሪን ራሷ ትንገራት። አባቴም ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ይቆጠራል ስላቸው ነቃ አሉ፤ መወዳደር ይወዳሉ። አንድ የቀረኝ የጆሯቸው ነገር ነው። እሷ ስታወራ እሳቸው እየተንቀሳቀሱ ከሆነ አይሰሙም። እኔስ የት ልቁም?

ፊዚዮ ነኝ፦
መጀመሪያ እሷ ሠርታ ታሳይ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ይዩ፣ ከዚያ ይሥሩ። እየተንቀሳቀሱ አታናግራቸው። እጅ ማንሳት "አቁም" ማለት እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከስልክ ይልቅ ላፕቶፕ ይሻላል። አንቺ በተቀየረው እግር በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለሽ ቁሚ፤ ካሜራውን እንዳትጋርጂ። ወንበሩ ጎማ የሌለው ይሁንና ግድግዳ አስደግፊው። በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ወይም ሕመሙ ከፊተኛው ቀን ብሶ ከታየ ለባለሙያዋ ንገሪያት፤ መጠኑን ትቀንሳለች። በእጅ መታየት የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣም "አሁን ይምጡ" ብላ በግልጽ እንድትነግራችሁ ከወዲሁ ጠይቂያት።