ማብላያው ሳይመጣ ጠያቂው ይምጣ? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤታሞች ክርክር

አወያዩ፣ የፊዚክስ መምህር (ብሎክ 31)

ጎረቤቶቼ፣ የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ባለፈው እሑድ የውሃ ቦቴ ስንጠብቅ ከተነሳው ጭቅጭቅ ነው። ላልነበራችሁት ባጭሩ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ መንግሥት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫም ሊገነባ ማሰቡን ሰማን። መስከረም ላይ ደግሞ ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ማመንጫው ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን ቦቴው ሥር አልጨረስነውም፣ እዚህም አንጨርሰውም። ስለዚህ ጠበብ አድርገነዋል። መንግሥት ከአሁኑ ለኒውክሌር ደህንነት ምርምር ራሱን የቻለ በጀት ይመድብ ወይ? በቁጥጥሩስ ላይ እኛ ተራ ነዋሪዎች ድምፅ ይኑረን ወይስ ለባለሙያ እንተወው? ስድብ ክልክል ነው። ማስረዘም አልተከለከለም።

ጡረተኛው መሐንዲስ (ብሎክ 7)

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሠላሳ ዓመት መብራት ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ከፊርማ እስከ አምፖል ያለው መንገድ ስንት ጫማ እንደሚጨርስ አውቃለሁ። የቪየናው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ራሱ ለጀማሪ አገር 19 ጉዳዮችን በሦስት ምዕራፍ ከፍሎ አስቀምጦ፣ ሁሉም ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስዳል ይላል። ታዲያ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቁጭ ብለን ላልተቆፈረ መሠረት የምርምር ገንዘብ ይውጣ እንላለን? ሻጩ አገር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ከኒውክሌር መብራት ሲያመነጭ የኖረ ነው፤ ዕውቀቱን ከነዕቃው ይዞ ይመጣል። አየር መንገዳችን አውሮፕላን ይገዛል እንጂ የሞተር ምርምር አያካሂድም፤ ያም ሆኖ አፍሪካ ውስጥ የሚስተካከለው የለም።

ስለ ሕዝብ ተሳትፎም በቅንነት ልናገር። የሪአክተር (የኒውክሌር ማብላያው) ግንብ ስንት ሜትር ይወፍር የሚለው እጅ በማውጣት አይወሰንም።

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ (ብሎክ 12)

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ አውሮፕላኑን ባያነሱት ይሻል ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰው ይዞ ቀረ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት መርምሮ ያወጣውን ያስታውሱታል? የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አውሮፕላኑ ደህና ነው ብሎ ከማረጋገጡ ሥራ ከፍተኛውን ድርሻ ለአምራቹ ለራሱ ትቶለት ነበር። ሻጩ ያውቃል ብሎ የተኛ ተቆጣጣሪ ውጤቱ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ምርምር ሲባል ደግሞ ሪአክተር መፈልሰፍ አይደለም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ሌሊት ሌሊት ሲያናውጠን ሕፃናት አቅፈን ደረጃ የወረድነውን አንርሳ። አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖሌ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽና ሲወዛወዝ አይቻለሁ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ማመንጫው የትም ይሁን የት፣ ያ መሬት በምን ያህል ኃይል ሊናወጥ እንደሚችል፣ በድርቅ ዓመት ማቀዝቀዣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አጥንቶ ለሻጩ ማቅረብ ያለበት ማን ነው? ሻጩ? የእኛ ጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎች አሉ፤ መሣሪያና የመስክ ወጪ ነው የሚያንሳቸው። እኔ የምለው ይህን ገንዘብ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

የአውሮፕላኑን ተቀብያለሁ፤ ምሳሌዬ ዞሮ እኔኑ መታኝ። የመሬቱንም ጥናት አልቃወምም። ግን እሱ የጂኦፊዚክስ በጀት ይባል። ‹የኒውክሌር ደህንነት ምርምር ተቋም› የሚል ሰሌዳ ከተሰቀለ መጀመሪያ የሚገዛው የዳይሬክተሩ መኪና ነው።

አወያዩ

ይህን ማንም አልተቃወመም፤ ልብ በሉ።

የሕግ ተማሪው (ብሎክ 31፣ የአወያዩ ዘመድ ግን አይደለሁም)

ድምፅ ይኑረን ወይ የሚለው ጥያቄ ትንሽ ያስገርመኛል፤ በወረቀት ደረጃ ተዘግቷልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ጉዳይ ላይ ይደግመዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማጽደቁ በፊት ረቂቁን አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። የሪአክተር ፈቃድ አሰጣጥ መመሪያ ሲረቀቅ በዚህ በር መግባት እንችላለን።

ስለ ግንቡ ውፍረት ጋሼ ልክ ናቸው፤ ማንም ድምፅ አይሰጥበትም። ነገር ግን መጠየቅና መወሰን ይለያያሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የሪአክተር እምብርት ድንገት ውሃ ቢያጣ የሚያቀዘቅዘው የአደጋ ጊዜ ሥርዓት ይሠራል ወይ በሚል የአደባባይ ችሎት ተከፈተ፤ ከዓመት በላይ ቆየ። በተቃዋሚነት የገቡ የሳይንቲስቶች ማኅበር አባላት የመንግሥት ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችን ሲጠይቁ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ጥርጣሬ እንዳላቸውና የምርምር ገንዘባቸው እንደተቀነሰ ወጣ። ያኔ ኒውክሌርን የሚያስፋፋውም የሚቆጣጠረውም አንድ ኮሚሽን ነበር። በ1974 በወጣ ሕግ ለሁለት ተከፈለ፤ ተቆጣጣሪው የራሱ የምርምር ክፍል እንዲኖረውም በዚያው ሕግ ተጻፈ። አያችሁ፣ የአወያያችን ሁለት ጥያቄዎች እዚያ ችሎት ውስጥ አንድ ነበሩ። ምርምር ባይኖር ጠያቂው የሚይዘው ነገር የለም፤ ጠያቂ ባይኖር የተመራማሪው ጥርጣሬ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እትዬ፣ ከመሀል ከተማ ተነሥታ የመጣች (ብሎክ 19)

ልጄ፣ ሕገ መንግሥቱን ስላነበብክልን እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ስብሰባውን ላንብብልህ።

ከሰፈራችን ሳንነሣ ‹ሕዝብን ማወያየት ነው› ተብለን ተጠራን። ለያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ ታደለን። አንድ ጎረምሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ አወራ። ጥያቄ ሲባል ሦስት ሰው ተናገረ፤ ሦስቱንም የምናውቃቸው አይደሉም፣ ሦስቱም አመሰገኑ። ስንወጣ ‹የመገኘታችሁ ማረጋገጫ ነው› ተብሎ መዝገብ ላይ ፈረምን። ከወራት በኋላ ቅሬታ ልናቀርብ ስንሄድ ያ መዝገብ ወጣ፤ የመስማማታችሁ ፊርማ ይኸውና ተባልን። እኔ በገዛ ፊርማዬ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ስለዚህ ተሳትፎ የምትሉት እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ። ባልፈርም ቢያንስ አልፈረምኩም እላለሁ።

የሕግ ተማሪው

እትዬ፣ ለዚህ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፈረንሳይ ውስጥ በየኒውክሌር ጣቢያው ዙሪያ የአካባቢ የመረጃ ኮሚሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ በ2006 በሕግ ጸንቷል። የአካባቢው ተመራጮች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ይቀመጡበታል። ልዩነቱ የራሱን ባለሙያ ቀጥሮ ማስለካት መቻሉ ነው። ማለትም የታሸገ ውሃ ሳይሆን መለኪያ ነው የሚሰጣቸው።

እትዬ (ብሎክ 19)

መለኪያ ከሆነ እመጣለሁ።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ፈረንሳይን ካነሣህ ሙሉውን አንሣው። እዚያም የደህንነት ምርምር ተቋሙ ከተቆጣጣሪው ጋር እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ተዋሕዷል፤ ሠራተኞቹ በሰልፍ ተቃውመው ሳለ። ባለጸጋውም አገር ሁለት ቤት መያዝ ከብዶታል። ገንዘቡን ከየት ታመጡታላችሁ? እኔ መፍትሔ አለኝ፤ ፈቃድ የሚወስደው ይክፈል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አብዛኛውን በጀቱን የሚሰበስበው ከባለፈቃዶች ክፍያ ነው። ግብር ከፋዩ ለምን ይሸከማል?

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

ጋሼ፣ ዛሬ አገራችን ውስጥ የጨረራ ባለፈቃድ ማን ነው? ሆስፒታሉ ነው። እኔ በምሠራበት ቤት ደረታችን ላይ የምናንጠለጥለው የጨረራ መለኪያ ለንባብ ሄዶ ውጤቱ ሳይመጣ ወራት ያልፋሉ፤ ወጪው ከባድ ነው ይሉናል። ክፍያ ቢጨመር የሚከፍለው ማን ነው? ለራጅ ተራ የያዘችው እናት ናት። ማመንጫ ሲኖር ማመንጫው ይክፈል፤ ማመንጫ የሌለበት ዘመን ወጪ ግን የመንግሥት ነው፣ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም። ደግሞም ደመወዙ ከሚቆጣጠረው ሰው ኪስ የሚመጣ ተቆጣጣሪ እጁ ለማዘዝ ይከብደዋል። ጃፓን ከፉኩሺማ የኒውክሌር ማመንጫ አደጋ በኋላ በኪዮሺ ኩሮካዋ የተመራው የምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ያለው ለምን ይመስልዎታል? ተቆጣጣሪውና ኒውክሌርን አስፋፊው በአንድ ሚኒስቴር ጣራ ሥር ስለነበሩ፣ መንግሥት፣ ተቆጣጣሪና ኩባንያ ተመሳጥረው ስለነበር ነው።

የብረት ነጋዴው (አቃቂ)

ብዙ አልጽፍም፤ አነባለሁ እንጂ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተ ወደፊት ስለሚመጣው ነው የምታወሩት። ያለውስ?

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቁራሌው ትንሽ እንስራ የምታህል ዕቃ አመጣልኝ። ሁለት ሆነን አላነሣናትም። ውጭዋ ብረት፣ ውስጧ እርሳስ። ቢጫ ምልክት ነበረባት፤ መሀሉ ነጥብ፣ ዙሪያው ሦስት ክንፍ። እርሳስ ዋጋ አለው፤ ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ለማቅለጫ ሄደች። ምልክቷን ባለፈው ሳምንት የልጄ መጽሐፍ ላይ አየሁትና እንቅልፍ አጣሁ።

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

ወንድሜ፣ ውስጧ ባዶ ነበረች?

የብረት ነጋዴው

አልከፈትናትም። ክዳኗ ግን ቀድሞም ለብቻው ነበር።

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

እንግዲህ ሁላችሁም አንብቡ፤ ሪአክተር ሳይኖር የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ በምትባል ከተማ ሁለት ሰዎች ከተዘጋ የካንሰር ሕክምና ቤት ማሽን ነቅለው ለውድቅዳቂ ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ፣ ሲዝየም የሚባል ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። ነጋዴው ደስ ብሎት ለዘመድ አዝማድ አደለው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከ112,000 በላይ ሰው ስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ።

ሜክሲኮ ደግሞ ሁዋሬዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ኮባልት የሚባል ጨረራ አመንጪ የያዘ የሕክምና ማሽን በቁርጥራጭ ብረት ተቀላቅሎ ቀለጠ፤ ፌሮ ሆነ፤ በፌሮው ቤት ተሠራበት። እንዴት ታወቀ? በጥር 1984 ፌሮውን የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ አጠገብ ሲያልፍ የበሩ መለኪያ ስለጮኸ ነው። በአጋጣሚ! የተሠሩት ቤቶች ተለክተው በመቶዎች የሚቆጠሩት ፈረሱ።

እዚህ አቃቂ ስንት ማቅለጫ አለ? የከተማው ኮንዶሚኒየም የቆመበት ፌሮ በየት በኩል ነው የሚያልፈው? የጨረራ ምንጭ የያዘ ዕቃ የሆስፒታል ብቻ አይደለም፤ መንገድ ሥራ ላይ የአፈር ጥቅጥቅነት መለኪያ፣ ፋብሪካ ውስጥ የፈሳሽ ከፍታ መለኪያ አለ። ቃሊቲ የገንዲን ዝንብ ለማጥፋት ወንዱን በጨረራ የሚያመክነው ማዕከል አለን፤ መልካም ሥራ ነው፣ እኮራበታለሁ። የኔ ጥያቄ በየማቅለጫው በር ላይ አንድ መለኪያ ለመትከል የሚያስፈልገው ጥናትና ገንዘብ ለምን የሪአክተሩ ወሬ ሲመጣ ብቻ ይታሰባል የሚለው ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ይህን በጀት እደግፋለሁ። ሰሌዳም ይሰቀልለት። የግንቡን ነገር ግን አልለወጥኩም።

የሕግ ተማሪው

ያኛውን እናቆየው። ጋሽ ብረት ነጋዴ፣ ለጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ተሳትፎ ማለት ይኸው ነው።

የብረት ነጋዴው

አንተ ልጅ፣ የአዋጁን ቁጥር ታውቃለህና ይህን ንገረኝ። ብሄድ እመሰገናለሁ ወይስ እታሰራለሁ?

የሕግ ተማሪው

አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የጨረራ ምንጭ ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ባለማወቅ ይዞ በፈቃዱ ላሳወቀ ሰው ግን… ዳኛ ይረዳል ብዬ አስባለሁ።

እትዬ (ብሎክ 19)

‹ብዬ አስባለሁ›። ሰማችሁ?

የብረት ነጋዴው

ለዚህ ነው አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት፤ አሁንም ስሜን አልጻፍኩም።

አወያዩ

ምሽቱን ሁላችንም ዝም ብለናል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ግን አሁን የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ጡረተኛው መሐንዲስ

አብሬህ እሄዳለሁ። ሽበቴን ያያሉ፤ የድሮ መታወቂያዬም አለ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ታክሲ ተራው ጋ እጠብቅሃለሁ። እትዬም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የሚፈረም ወረቀት ካለ ማንበብ የለመዱት እርሳቸው ናቸው።

እትዬ (ብሎክ 19)

መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ።

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

ወንድሜ፣ ክዳኗ የት ገባ?

የብረት ነጋዴው

እሷማ አለች። ከባድ ናት፤ የመጋዘኑን በር ንፋስ እንዳይዘጋው የምናስደግፈው በሷ ነው። ልጆቹም እየተቀመጡባት ይጫወታሉ።

የራጅ ክፍል ባለሙያዋ

ባዶ እርሳስ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ እስክትለካ ግን አናውቅም። በሩን ዝጋው ልልህ ነበር፤ ለመዝጋት ክዳኗን ማንሣት ይኖርብሃል። አትንካት። በሩ ክፍት ይደር፤ ልጆቹን አርቅና አንድ ሰው ከሩቅ ይጠብቅ።