የሚፈረፈር የኮንክሪት ፀሐይ መከላከያ፦ ይለሰን ወይስ ይነሳ? (ጅማ)

ሂርማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መሃል ከተማ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው፣ የጃንሆይ ዘመን ሥራ። በምዕራብ በኩል ፀሐይ የሚከላከሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ቀጫጭን የኮንክሪት ክንፎች አሉት። ተሰነጣጥቀው ዝገት ይወርድባቸዋል፤ ከታች ፌሮው ወጥቷል። ኮንትራክተሩ «በሲሚንቶ እንለስነው፣ ካልሆነ ቆርጠን መስታወት እናድርግ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ፌሮ ሠራተኛ፦
ልስኑን እርሳው፣ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። ፌሮን ከዝገት የሚጠብቀው የኮንክሪቱ አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ) ነው፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ዓመት ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል። በቀጭን ክንፍ ላይ የፌሮው ሽፋን አንዳንዴ 1.5 ሳ.ሜ. እንኳ አይሞላም። ከዚያ የጅማ ዝናብ አለ። ዝገት ከብረቱ ቢያንስ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

መጀመሪያ በመዶሻ ቀስ እያልክ አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ ክበበው። አዲስ በተሰበረ ፊት ላይ በአልኮል የተበጠበጠ 1% ፌኖልፍታሊን (አልካላይነትን በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል) ርጭ፦ ሐምራዊ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ቀለም ካልያዘ ጥበቃው አልቋል። የሚነሳውን ዳር በግራይንደር 1 ሳ.ሜ. ያህል ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ዳሩ ከሳሳ ጥገናው መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ከፌሮው ጀርባ 2 ሳ.ሜ. ድረስ ፈልፍል። ብዙዎች ፊት ለፊቱን ብቻ ያጸዱና ዝገቱ ከኋላ ይቀጥላል። ብረቱን እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈትግ፣ ውፍረቱ በሩብ ከቀነሰ አዲስ ፌሮ ደርብ። ከዚያ ፀረ ዝገት ቅብ፣ ቀጥሎ የጥገና ሞርታር በ2 ሳ.ሜ. ንብርብር፤ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው።

ደሊና፦
መስታወቱስ? በምዕራብ ፊት የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው፤ አግዳሚ መከላከያ አያቆማትም፣ ክንፍ ግን ይቀንሳታል። ከቆረጥከው ከ9 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ምጣድ ነው። ነባሩን ጠብቆ ማደስ ይቻላል፦ አዲስ አበባ ያለው አፍሪካ አዳራሽ (አርክቴክቱ ሜዜዲሚ፣ 1953 ዓ.ም.) ታድሶ በጥቅምት 2017 ሲከፈት የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል እንኳ እንደያዘ ነው። በነገራችን ላይ ክንፍ ያለው ሁሉ የሜዜዲሚ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሾሜት፣ ኤናቭና ሚካኤል ቴድሮስ የሚባሉ አርክቴክቶችም ነበሩ። ፕላኑ ሳይገኝ ስም አትለጥፍ።

ሂርማታ፦
አመሰግናለሁ። የጓሮው ግድግዳ ግን ድንጋይ ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ይመስላል።

ፌሮ ሠራተኛ፦
እሱ ሌላ ነው። በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ከሆነ ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ልስኑም በሰሌዳ በሰሌዳ ይረግፋል። 1 ኖራ ለ3 የታጠበ አሸዋ፣ በአንዴ ከ1 ሳ.ሜ. አይብለጥ። መጀመሪያ አሸንዳውን አስጠግን። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን፤ በዝናብ ኖራ አይጠነክርም።