ለአማራ ክልል የምናቀርበው የምርምር ገንዘብ ጥያቄ፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያለፈው ረቂቅ «ክልሉ ለዩኒቨርሲቲ ምርምር በቂ በጀት ይመድብ» ይላል። እንዲህ ከተጻፈ ማንም አያነበውም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በጀት የሚመጣው ከፌዴራል ነው። ክልሉ «እኔን አይመለከትም» ብሎ ይሸኘናል። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

ከመሐል ሜዳ፦ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ቢሆንም ገበሬው የክልሉ ነው። ክልሉ ደግሞ የራሱ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አለው፤ ደብረ ብርሃን ያለው ማዕከል የሱ ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት አንጠይቅ። ማዕከሉና ዩኒቨርሲቲው አብረው ለሚሠሩት ሥራ ክልሉ ገንዘብ ያዋጣ እንበል።

መምህር፦ እስማማለሁ። ግን ችግሩ የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣበት ጊዜም ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገብሱ ግን ብሩን አይጠብቅም፤ ዝናቡን ተከትሎ ይዘራል። ብሩ ተፈቅዶ፣ ግዥው አልቆ፣ መኪና እስኪገኝ መስቀል ያልፋል። ድሮ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ለሙከራ ያዘዝኩት ማዳበሪያ የደረሰኝ ገብሱ እሸት ከሆነ በኋላ ነው። ሳቁ እንጂ! ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ያልተሠራበት ብር ወደ ካዝና ይመለሳል። ከዚያ «አልተጠቀማችሁበትም» ይባላል።

ከመሐል ሜዳ፦ በጉማ ይብሳል። የመንዝን በግ ከውጭው የአዋሲ በግ ጋር ማዳቀል ደብረ ብርሃን ላይ ስንት ዘመን ፈጀ! አንዲት ግልገል አድጋ ወልዳ፣ የልጇ ክብደት እስኪመዘን በጀቱ ሁለቴ ይዘጋል።

ጸሐፊ፦ ይሄ ይግባ። «ለ3 ዓመት የሚቆይ፣ ያልተሠራበት ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሸጋገር» ብዬ እጽፋለሁ። ርዕሶቹስ?

ከሸዋ ሮቢት፦ ኧረ እኛንም አትርሱን! ሁሉ ነገር ደጋ ደጋ ሆነ እኮ። የኛ የቀወት ወረዳ ማሾና ሽንኩርትስ? ማሾ እንኳ በምርት ገበያ የሚሸጥ ሰብል ነው።

መምህር፦ ልክ ነሽ እህቴ። ሦስት ይብቃን፦ የዋልካ መሬትን ውኃ ማጠንፈፍና የባቄላውን በሽታ በአንድ ላይ፣ በጉን፣ ማሾውን። አራተኛ ከጨመርን ብሩ ተበታትኖ አበል ብቻ ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከአበል ካነሳህ አይቀር፣ መጀመሪያ ነዳጅ፣ ዘርና ቤተ ሙከራ ይቅደሙ። ሆቴል ውስጥ የሚደረግ ወርክሾፕ ጨርሶ ባይኖር ደስ ይለኛል። ይህን በጽሑፍ ካላሰርን ክልሉም አያምነን።

ከመሐል ሜዳ፦ አንድ ልጨምር። ርዕስ ሲመረጥ ገበሬው ይቀመጥ። የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የሚባለው የአገሬው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነው፤ የኛ ጥናት የመጣው በኋላ ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። መምህር፣ የዋልካውን ክፍል እስከ እሑድ ላክልኝ። ሽንኩርቱ ለጊዜው ይቆይ፤ የሸዋ ሮቢቷ እንዳትቀየሚ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ተቀይሜያለሁ። ማሾውን ግን እኔው እጽፈዋለሁ።